«ተመስገን» እያልኩ ሆዴ ሲነድ፦ በጸሎት እውነቱን መናገር ድፍረት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እማዬ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንሄዳለን። አራት አራት ሰዓት ማሽኑ አጠገብ ትተኛለች። እኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳዊት እደግምላታለሁ። ዳዊቱ የራሷ ነው። የገጾቹ ጠርዝ አውራ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል። አንድ ቦታ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎበት ሁለት ገጽ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ልጅ ሆኜ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ስታላቅቀው አይ ነበር። አሁን የማላቅቀው እኔ ነኝ።

ሰው ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ መልሴ «ተመስገን» ነው። ለጎረቤት ተመስገን፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው ተመስገን። ማታ ሥዕሉ ፊት ስቆምም ያው ነው። አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ በተመስገን እዘጋለሁ። አፌ ይላል፤ ሆዴ ግን ይነዳል።

ያለፈው ሐሙስ እጥበቱ መሀል ላይ ግፊቷ ወረደና ራሷን ሳተች። ነርሶቹ እግሯን ከፍ አድርገው ሲሯሯጡ እኔ ዳዊቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ነቃች፣ አሁን ደህና ነች። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን ተመስገን የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። የወጣው ሌላ ነው። ደክሞኛል፣ ተናድጄብሃለሁ፣ ለምን ዝም ትላለህ አልኩት። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝና መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

እባካችሁ ንገሩኝ። እግዚአብሔርን እንዲህ ማናገር ድፍረት ነው? እምነቴ አልቆ ነው? ወይስ እስከ ዛሬ ተመስገን ያልኩት ነው ውሸቱ?

*

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። 34 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ አልቻልንም ስላላችሁኝ፣ የተባለውን በቁጥሩ ተራ በራሴ አንደበት ላስቀምጠው። አንዳንዱን አሳጥረዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን ልቤ ስለቆመ እኔም ቆም እላለሁ።

መልስ 1 እና 2። ሁለት እኅቶች አይዞሽ አሉኝ። የመጀመሪያዋ የእማዬን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ፣ በውስጥ መስመር ላክሁላት። ሁለተኛዋ አባቷን ስድስት ወር አስታማለች። የአስታማሚ ድካም ራሱን የቻለ ሕመም ነው ብላ መጀመሪያ እንቅልፍ እንድተኛ መከረችኝ። ጥያቄዬን አልመለሰችልኝም። ግን ያን ሌሊት ሳልነቃ አነጋሁ።

መልስ 3። አንድ ዲያቆን ነው። ነገሩን ሁሉ የቀየረልኝ ይሄ መልስ ነው። የጠየቀኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምትደግሚውን ዳዊት ትሰሚዋለሽ ወይ አለኝ።

ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ነው። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ዲያቆኑ የሰኞውን 12ኛ አወጣልኝ። እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ ይላል። አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ማለት ነው። ቀጥሎ የሐሙሱን 87ኛ አሳየኝ። ያ መዝሙር የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጀምራል። እንደ ሌሎቹ ግን መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም። ወዳጅ ዘመዴን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ይሄንን በየሐሙሱ በሉ ብላ አፋችን ውስጥ ካስገባችው ድፍረት የሚሆነው እንዴት ነው? የዲያቆኑ ነገር ይሄ ነበር።

ስልኬን አስቀምጬ ዳዊቱን ከፈትኩት። እማዬ ራሷን የሳተችው ሐሙስ ነው። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በየሐሙሱ አጠገቧ ደግሜዋለሁ። ንባቡን እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አንድ ቀን አልሰማሁትም። እኔ በራሴ ቃል ለመናገር የፈራሁትን ዳዊት ሲልልኝ ከርሟል።

መልስ 4 እና 5። አንዱ ዲያቆኑ ተሳስቷል፣ እስከ መቼ የሚለው 13ኛው ነው አለ። 5ኛዋ በትሕትና አስረዳችው። ግእዙ የሰባ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም ይከተላል። እዚያ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር እንደ አንድ ስለተቆጠሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሌላ ሰው 88 ካላችሁ እናንተ 87ን ክፈቱ።

መልስ 6። ጌታ ይባርክሽ ብሎ የጀመረ ወንድም ነው፤ ቀጥሎ ያለው ግን ከበደኝ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ እያልሽ በአንደበትሽ እናትሽን እያሰርሻት ነው አለኝ። የምትለምኑትን ሁሉ እንዳገኛችሁ እመኑ የሚለውን የማርቆስ 11፥24 ጠቀሰ። ከዛሬ ጀምሮ ማልቀሱን ትተሽ እናቴ ድናለች ብለሽ አውጂ፣ ካልሆነ ግን ችግሩ ያለው እምነትሽ ላይ ነው አለ። መልስ 7 አሜን ብቻ ነው።

መልስ 8። አንዲት እኅት በዚህ ቱግ አለች። ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ ጸጋዬ ይበቃሃል ተባለ እንጂ አልተነሣለትም አለች። ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ራሱ ጽፏል። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል። የነሱ እምነት ከአንተ ያንስ ነበር ወይ ብላ 6ኛውን አፋጠጠችው። አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለህ አድረህ ታውቃለህ? ካላወቅህ ዝም በል እስከማለት ደረሰች።

እኔ 6ኛው ወንድም በክፋት የተናገረ አይመስለኝም። የጠቀሰውን ጥቅስ እንደገና እንዳነበው አድርጎኛል። ግን እዚያው ማርቆስ ላይ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ። ጌታ ለሚያምን ሁሉ ይቻላል ሲለው እያለቀሰ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ሙሉ እምነት ይዤ መጣሁ አላለም። ያለውንም የጎደለውንም አንድ ላይ አቀረበ። ጌታም ሄደህ እምነትህን ሞልተህ ና አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። ይሄን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ወረደልኝ።

መልስ 9 እስከ 12። እዚህ ላይ ተበላሸ። ኦርቶዶክስና ጴንጤ ተባባሉ። አንዱ በቃል የተደገመ ጸሎት በቀቀን ነው አለ፣ ሌላው ጩኸት ጸሎት አይደለም ብሎ መለሰ። ዝርዝሩን አልጽፈውም። በእናቴ ሕመም ላይ አትጣሉብኝ ብዬ ለመንኳቸው።

መልስ 13። ከወለጋ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ቄስ ጉዲና ቱምሳን አነሡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የደርግ ሰዎች ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው 10 ዓመት ያህል ወኅኒ ቆዩ። አዛውንቱ ያኔ ወጣት ነበሩ። ማኅበራቸው በየሳምንቱ ቄሱን መልስልን እያለ ይጸልይ ነበር። ቄሱ ግን ቀድሞውኑ ተገድለው ነበር፤ ይህንን የሚያውቅ አልነበረም። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ለተጣሉት ተናገሩ። ያኔ ሁለቱም ቤት አልቅሷል፣ ሁለቱም ቤት አፅም ተቀብሏል አሉ። ያ ሁሉ ዓመት የለመነ ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው የሚል ካለ ቆሞ ይንገረኝ አሉ። እሳቸው ከጸሎቱ የሚያስታውሱት የተሰጠውን መልስ አይደለም። አንዲት እናት በመሀል ተነሥተው ጌታ ሆይ አልገባንም ብለው እንደተቀመጡ ያስታውሳሉ። ከዚህ በኋላ ስድብ ቆመ። 14ኛው መልስ ለአዛውንቱ እጅ የነሣ ወጣት ነው።

መልስ 15። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እኅት። ስለ ጸሎት ቦታ ነው የጻፈችው። ሥዕል መስቀል አትችልም፣ ድምፅ ማሰማት አትችልም። ሁሉም ከተኛ በኋላ ስቶር ውስጥ ትገባለች። በሩዝ ጆንያና በዘይት ካርቶን መካከል፣ ለመስገድ ቀርቶ ለመንበርከክ የማይበቃ ቦታ አለ። ጀርባዋን ለጆንያው ሰጥታ ቁጭ ትላለች። ደመወዟን ለወራት ከልክለዋት ነበር። መጀመሪያ የምታውቀውን ሁሉ በቃሏ ትደግም ነበር። አንድ ሌሊት ግን ድካሙ አሸነፋትና ከአቡነ ዘበሰማያት መሀል አቋረጠች። ለአባቷ እንደምትነግረው በአማርኛ ነገረችው። ልጄ ትምህርት ቤት ልትባረር ነው፣ እያየህ ነው አይደል አለችው። ደመወዙ በማግሥቱ አልመጣም። ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስቶሩ ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ ብላለች። እኔ ይሄን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መልስ 16 እስከ 19። ይሄ ክፍል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለሆነ በደንብ አንብቡት። 16ኛዋ ከቅን ልብ ተነሥታ እማዬን ሰባት ቀን ፀበል ወስጄ ጠዋት ጠዋት በብዛት እንድትጠጣ መከረችኝ። 17ኛዋ ነርስ ናት፤ ወዲያው ገባች። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው በሁለት እጥበት መካከል የሚጠጣው ፈሳሽ መውጫ የለውም። እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጣል። እባክሽ እንዳታደርጊው ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው። እማዬ ውኃዋን በቡና ሲኒ ለክታ ነው የምትጠጣው። ጥማቱ ሲብስባት ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አብስላታለሁ።

18ኛው መልስ የአንድ ቄስ ነው። አባታችን ነርሷን ደገፏት። የፀበል በረከት በሊትር አይለካም፤ ግንባሯ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከፀበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መናገራቸውንም አስታወሱን። ወደ ጥያቄዬም ተመለሱልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለሐኪም ብቻ እንዳልተተረተ ነገሩኝ። የሳሙኤልን እናት ሐናን አነሡ። ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ቢያያት ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷ ግን አልሰከርኩም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ አለች። አባታችን እንደሚሉት ሰው የሚያፈሰው ያለውን ነው። መራራ ከሆነ መራራውን ያፈሳል።

19ኛው ሰው አጭር ነው፤ አልረሳውም። አባቱ ስኳር ነበረባቸው። ድነሃል ተብለው ኢንሱሊኑን ተዉ። እግራቸው ተቆረጠ። ከዚያ በላይ አልጻፈም። እባካችሁ፣ መድኃኒት ማቆም የእምነት ምልክት ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

መልስ 20 እስከ 26። ወሬው ከጥያቄዬ ወጣ። አንዱ ዳዊትን ከስልክ መድገም ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይቻላል የሚሉ በዙ፤ አንዷ ግን በጸሎት መሀል መልእክት እየገባባት ስለተቸገረች ስልኳን ከመረብ አውጥታ እንደምትጸልይ ነገረችን። ሌላው ሲጸልይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቆመህ ጸልይ ተባለ። የመቁጠሪያ ፍሬ ስንት ነው በሚለው ላይ አንዱ 41 ነው፣ ሌላው 64 ነው ብለው ተከራከሩ። ዲያቆኑ ተመልሶ ሁለቱም አለ አለ። 41ዱ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የምንልበት ቁጥር ነው፤ 64ቱ በእመቤታችን ዕድሜ ነው። የዛሬ ጧፍ ግድግዳ ያጠቁራል ብሎ ያማረረም ነበር።

ከዚህ መሀል ለኔ የቀረልኝ የ24ኛዋ ነው። በግእዝ መጸለይ ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ልትዞር መሆኗን ጻፈች፤ ምክንያቷ የኔው ታሪክ ነው። እኔ ግን አልተውኩትም። የሐሙሱን በግእዝ ከደገምኩ በኋላ አንዱን መርጬ በአማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ግእዙ የእማዬና የእናቷ ድምፅ አለበት። እሱን ማጣት አልፈልግም።

መልስ 27። አሜሪካ የሚኖር ወንድም ነው። ሁላችንንም ዝም ያሰኘን እሱ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ሲታመሙ የጥገኝነት ጉዳዩ ስላላለቀ መውጣት አልቻለም። እውነቱን ነው የጸለየው፤ ምንም አላስዋበም። ወረቀቴ እስኪመጣ ብቻ አቆይልኝ ብሎ ለመነ። አልቆዩለትም። ቀብራቸውን በስልክ ቪዲዮ አየ፤ የያዘው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያየው ከሣጥኑ ይልቅ ሰማዩን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልጸለየም። አኩርፌ ነበር አለ።

አንድ እሑድ ሚስቱ ልጁን ክርስትና ስታስነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ በሩ አጠገብ ቆመ። እዚያ ቆሞ አንድ ነገር ገባው። ሰው የሚያኮርፈው የራሱን ሰው ነው። ባዕድ ቢያስቀይመው ትቶት ይሄዳል እንጂ አያኮርፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማኩረፉ ራሱ እግዚአብሔር የቅርቡ መሆኑን ነገረው። ለምን እንዳልቆዩለት ዛሬም መልስ የለውም። እኔንም ውጤቱን ሳትቆጥሪ ንገሪው፣ ተቆጥተሽም ከሆነ እዚያው ፊቱ ሆነሽ ተቆጪ አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። በውስጥ መስመር የጻፍኩልህን ካላየኸው እይልኝ።

መልስ 28 ነፍስ ይማር ነው።

መልስ 29። ከእማዬ ጋር እኩያ የሚሆኑ እናት ናቸው። እኔን ራሴን ነው ያረሙኝ። ልጄ፣ ተመስገንን አታዋርጂብኝ ብለው ጀመሩ። ቅዳሴ ላይ በጸሎተ አኰቴት፣ አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት እያልን እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን እናመሰግናለን። ይሄ ችግር የለብኝም ማለት አይደለም። እስከዚህች ሰዓት ደርሻለሁ ማለት ነው። በሽተኛ ደግሞ የሰዓትን ዋጋ ከጤነኛ ይበልጥ ያውቃል። ውሸት የሚሆነው ሌላውን ሁሉ ደብቀሽ እሷን ብቻ ስታወጪያት ነው አሉኝ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እማዬን ጠየቅኳት። እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ማታ ማታ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው አልኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና «አንቺ ስትተኚ እነዘንዘዋለሁ» አለችኝ። «እግሬን፣ ጥማቴን፣ ያንቺን ሳታገቢ መቅረት፣ ሁሉንም። ሲወጣልኝ ተመስገን እላለሁ።» እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር። ከፊቷ ያለውን ስታወራ ለካ ተኝቻለሁ።

መልስ 30 እስከ 33። ሦስቱ የ29ኛዋን እናት አመስግነዋል። 33ኛዋ ስለ እጥበት ወጪ ጠይቃ፣ የሠፈራቸው እድር ለእንዲህ ዓይነት ሕመም እንዴት እንዳዋጣ ጽፋለች። እኛም ሠፈር ሐሳቡን አቅርቤዋለሁ።

መልስ 34። 6ኛው ወንድም ተመለሰ። አቋሙን አልቀየረም። ዛሬም ቢሆን በአንደበት ማወጅ ኃይል አለው ብሎ ያምናል። እኔም አልተስማማሁትም። ግን የጥሮፊሞስን ነገር ሄዶ እንዳነበበው ጻፈ፤ አስቦበት እንደማያውቅም አልደበቀም። ከዚያ እጥበቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሐሙስ ሐሙስን ለእናትሽ እጾማለሁ አለ። ተቀበልኩት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ማሽኑ ከተገጠመላት በኋላ ከ81 ጀመርኩ። 87 ላይ ስደርስ ግእዙን ጨረስኩና በአማርኛ አነበብኩላት፤ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር የተኛች መስሎኝ ገጽ ልገልጥ ስል ነፃ በሆነው እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱን ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።